አደራ የተቀበልሁባት ትንሽ ሀገር፤ ሃያ አምስት ቀን በሳን ማሪኖ

በእንግድነት ሀገር ማየትና ቤት ተረክቦ ሀገር ማየት አንድ አይደለም። እንግዳ በሆቴል ያድራል፤ ሒሳቡን ከፍሎ ይወጣል፤ ከወጣም በኋላ የሚጠይቀው የለም። የሰው ቤት በአደራ የተቀበለ ግን የበሩ ጠባቂ፣ የአትክልቱ ውኃ አጠጪ፣ የድመቷ መጋቢ ነውና፣ ቀን የትም ቢውል ማታ ወደዚያው ቤት መመለስ ግድ ይሆንበታል። ባለፈው መስከረም በአውሮጳ ከሚገኙት ትናንሽ መንግሥታት አንዷ በሆነችው በሳን ማሪኖ ሪፑብሊክ የተቀመጥሁት በዚህ በሁለተኛው መንገድ ስለሆነ፣ ያየሁትንና የደረሰብኝን ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ ወድጃለሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ቀኖች ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

የነገሩ መነሻ እንዲህ ነው። በትርጉም ሥራ ምክንያት ለብዙ ዓመታት የምንጻጻፍ አንድ ጡረታ የወጡ የሳን ማሪኖ መምህር አሉ። እኒህ ሽማግሌ ወደ ልጃቸው ዘንድ ለጥቂት ሳምንታት ለመሄድ ባሰቡ ጊዜ ቤታቸውን የሚጠብቅላቸው ሰው አጡ። እኔም በትምህርት ቤት የተማርሁት ኢጣልያንኛ ስላለኝ፣ ዕረፍቴን በዚያ እንዳሳልፍ ጠየቁኝ። ኪራይ የለም፤ ደመወዝም የለም፤ ቤቱ ለእኔ ማረፊያ፣ እኔም ለቤቱ ጠባቂ እንድሆን ተስማማን።

ሳን ማሪኖን ከውጭ የሚያገናኝ የባቡር መሥመር ዛሬ ስለሌለ፣ መንገደኛው በባሕር ዳር ባለችው በኢጣልያ ከተማ በሪሚኒ ወርዶ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ያህል ይጓዛል። በድንበሩ ላይ ፓስፖርት የሚጠይቅ ዘበኛ አላገኘሁም። ከድንበሩ አጠገብ ያለችው ከተማ ስሟ ዶጋና ነው፤ ትርጓሜውም ጉምሩክ ማለት ስለሆነ ቃሉ ለእኛ ሀገር ሰው እንግዳ አይደለም። ዳሩ ግን በስሟ ጉምሩክ ተብላ ሻንጣዬን የከፈተብኝ ማንም የለም።

ሳን ማሪኖ ስፋቷ 61 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ሕዝቧም ወደ 34,000 የሚጠጋ፣ በአራቱም ማዕዘን በኢጣልያ የተከበበች ሀገር ናት። በመካከሏ ከባሕር ወለል በላይ 740 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የቲታኖ ተራራ ቆሟል። በተራራው ጫፍ ላይ ጓይታ፣ ቼስታና ሞንታሌ የሚባሉ ሦስት ግንቦች በተርታ ይታያሉ። እንደ ጥንት ትውፊት፣ ማሪኖስ የተባለ ድንጋይ ጠራቢ ክርስቲያን በዳልማስያ ከምትገኘው ከአርቤ ደሴት ለሥራ ወደ ሪሚኒ መጥቶ ሳለ፣ ስደት ቢነሣበት ወደዚህ ተራራ ሸሽቶ በ301 ዓ.ም. ማኅበሩን መሠረተ። ሀገሪቱ የምትጠራው በእርሱ ስም ነው።

የመምህሩ ቤት ከተራራው ሥር፣ ቦርጎ ማጆሬ በሚባለው ከተማ ይገኛል። ከዚያ ወደ ላይኛው ዋና ከተማ በ1959 በተከፈተው ቴሌፈሪካ በሁለት ደቂቃ ይወጣል። መምህሩ ቁልፉን ሲሰጡኝ ሁለት ገጽ ሙሉ ማስታወሻ ጨመሩልኝ፤ ቲማቲሙ ማታ ማታ እንዲጠጣ፣ ድመቷ ከቀኑ በፊት እንድትበላ፣ ሐሙስ ሐሙስ ገበያ ስለሚቆም በመንገዱ ላይ መኪና እንዳይቆም የሚል ነበር። በመጨረሻው መሥመር፣ «ከቤት ስትወጡ የምድር ቤቱን መስኮት ዝጉ» ይላል። ከሁሉ የቀለለችው ትእዛዝ ይህች መሰለችኝ።

በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ሥራዬን ጧት እየፈጸምሁ ሀገሩን በእግሬ እዞር ነበር። የሪፑብሊኩ ግዛት በዘጠኝ ወረዳዎች የተከፈለ ሲሆን፣ እነርሱም ካስቴሊ ይባላሉ። ድንበሩ ከ1463 ወዲህ አልተለወጠም። በ1797 ናፖሊዮን በኢጣልያ ድል ባደረገ ጊዜ ለዚህች ሪፑብሊክ ወዳጅነትና ተጨማሪ መሬት እንዲሰጣት ቢያቀርብላት፣ ወዳጅነቱን ተቀብላ መሬቱን እምቢ አለች። በጊዜው ያ ምክር ለብዙዎች ሞኝነት መስሎ ሊታይ ይችል ነበር፤ ኋላ የኢጣልያ ትናንሽ መንግሥታት ሁሉ አንድ በአንድ ሲጠፉ ግን ከሰው ያልወሰደችው ይህች ሀገር የራሷን ይዛ ቀረች።

አንድ ቀን የድሮውን የባቡር መንገድ ተከትዬ ሄድሁ። ከሪሚኒ ወደ ሳን ማሪኖ የሚወጣው ይህ የኤሌክትሪክ ባቡር በ1932 ተመርቆ፣ በ1944 በጦርነቱ ተበላሽቶ ቀረ። የሐዲዱ ስፋት 95 ሳንቲ ሜትር ነበር፤ ይኸውም ከምጽዋ ተነሥቶ በ1911 አስመራ ከደረሰው ከእኛው ሐዲድ ጋራ እኩል ነው። ከዋሻዎቹ በአንዱ አጠገብ ጥቂት መቶ ሜትር ሐዲድ በ2012 ታድሶ አሮጌው ሠረገላ ለመታሰቢያ ቆሟል። እነዚያ ዋሻዎች ሌላም ታሪክ አላቸው። በ1944 ጦርነቱ በሪሚኒ አካባቢ ሲበረታ፣ ያን ጊዜ ሕዝቧ ከ15,000 እምብዛም የማይበልጥ ይህች ሀገር ወደ 100,000 የሚጠጉ ስደተኞችን እንዳስጠጋች ይነገራል። ብዙዎቹ ያደሩት በባቡሩ ዋሻዎች ውስጥ ነበር። ሀገሪቱ ገለልተኛ ሆና ሳለ በዚያው ዓመት ጁን 26 ቀን ከእንግሊዝ አውሮፕላኖች ቦምብ ወርዶባት ሰዎች ሞተውባታል።

በአሥራ አራተኛው ቀን የጎረቤት ልጅ በመኪናው ወደ ሳን ሌዎ ወሰደኝ። ይህች ከድንበሩ ማዶ በኢጣልያ የምትገኝ፣ በገደል ላይ የተሠራች ምሽግ ናት፤ በዓለም ሁሉ ስሙ የተሰማው አታላይ ካልዮስትሮ ታስሮ በ1795 የሞተው በውስጧ ነው። እኔም እስር ቤቱን እያየሁ ስለ ሌላ ሰው ጥፋት ስደነቅ፣ የራሴ ጥፋት በቤት እየተፈጸመ ነበር። ከቀትር በኋላ ብርቱ ዝናብ ወረደ። የምድር ቤቱን መስኮት ጧት ለነፋስ ከፍቼ እንደ ሄድሁ ያሰብሁት በመንገድ ላይ ነው።

ስደርስ ውኃው ወለሉን አልፎ፣ በመስኮቱ ሥር የነበረውን የእንጨት ሣጥን ዘልቆ ገብቷል። በሣጥኑ ውስጥ የመምህሩ አባት ያስቀመጧቸው ፎቶግራፎች ነበሩ። አባትየው በ1944 ከሪሚኒ የሸሹ ሁለት ቤተ ሰቦችን በዚያው ምድር ቤት ማስጠጋታቸውን መምህሩ ነግረውኝ ነበር፤ ፎቶግራፎቹም የእነዚያ ሰዎች ናቸው። አብዛኞቹ ተርፈው ሁለቱ ተበላሹ፤ መልካቸው ታጥቦ ነጭ ሆነ።

አንዲት አሮጊት ጎረቤት መጥተው በየመካከሉ ወረቀት እያኖሩ ሲያደርቁልኝ አመሹ። እኔ ግን በዚያች ሌሊት የማሰላስለው ስለ ማድረቁ አልነበረም። መምህሩ ሣጥኑን ከስንት ዓመት አንድ ጊዜ ይከፍቱት ይሆን? የተበላሹትን ከሥር ባደርጋቸው ማን ያውቃል? እርጥበት ያመጣው ነው ቢባል ማን ይክዳል? ይህን አሳብ በማግሥቱ እያፈርሁ ለጎረቤቲቱ ገለጥሁላቸው። እርሳቸውም፣ «ልጄ፣ እኛ እኮ ርእሰ ብሔሮቻችንን እንኳ ሲወርዱ እንጠይቃቸዋለን» ብለው ሳቁብኝ።

የተናገሩትን ነገር ያስተዋልሁት ኦክቶበር 1 ቀን ነው። የሳን ማሪኖ ርእሰ ብሔሮች ሁለት ናቸው፤ ካፒታኒ ረጄንቲ ይባላሉ። 60 አባላት ያሉት ታላቁና ጠቅላላው ምክር ቤት ይመርጣቸዋል። የሥልጣናቸው ዘመን ስድስት ወር ብቻ ሆኖ፣ በየዓመቱ ኤፕሪል 1 እና ኦክቶበር 1 ቀን ለተተኪዎቻቸው ያስረክባሉ። ይህ ሥርዐት ቢያንስ ከ1243 ጀምሮ የታወቀ ነው። አንዱ ሹም የሌላውን ውሳኔ ሊያግድ ይችላል። የወረደ ሹም ሦስት ዓመት ሳይሞላው እንደገና ሊመረጥ አይችልም። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ሹሞቹ ከወረዱ በኋላ ማንም ዜጋ በሥራቸው ላይ አቤቱታ ሊያቀርብባቸው መብት አለው፤ ጥፋት ከተገኘባቸው ለፍርድ ይቀርባሉ።

በዚያን ቀን በሕዝቡ መካከል ቆሜ፣ ሰልፉ በሙዚቃ ታጅቦ በጠባቡ ጎዳና ወደ መንግሥት አዳራሹ ሲያልፍ አየሁ። ጧት ርእሰ ብሔር የነበሩት ሁለቱ ሰዎች ከቀትር በኋላ እንደ ማናቸውም ሰው ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ማየት ለእኔ ከግንቦቹ ይልቅ የሚያስደንቅ ሆነ። እኔም ወደ ቤት ተመልሼ፣ መምህሩ በሰጡኝ ማስታወሻ ጀርባ ላይ የሆነውን ሁሉ ቀኑንና ሰዓቱን ሳልቀር ጻፍሁ።

መምህሩ ኦክቶበር 4 ቀን ማታ ገቡ። ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ ወረቀቱንና ሁለቱን ፎቶግራፎች ሰጠኋቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ፊታቸውም ጠቆረ። ከዚያ ፎቶግራፎቹን ገልብጠው ወደ መብራቱ አቀረቧቸው። አባታቸው በጀርባቸው የሰዎቹን ስም የጻፉት በእርሳስ ነበረና ጽሕፈቱ አልጠፋም። መምህሩ ስሞቹን አንድ በአንድ አነበቡ፤ ቀጥለውም፣ «ምንም እንዳልሆነ አልነግርዎትም፤ እንዲህ ያለ ነገር መልሶ አይገኝም። ነገር ግን እርስዎ ባይነግሩኝ ኖሮ፣ ሣጥኑን በከፈትሁ ቀን ከፎቶግራፎቹ ጋራ ወዳጄን ባጣሁ ነበር» አሉኝ። በማግሥቱ ስሞቹን በአዲስ ወረቀት ላይ አብረን ገለበጥናቸው።

ሳን ማሪኖን የሚጎበኝ ሰው ግንቦቿን አይቶ ይመለሳል፤ ማየትም የሚገባ ነው። ለእኔ ግን ከዚያች ሀገር የቀረልኝ ትምህርት ሌላ ነው። አደራ ጥብቅ ነው ስንል የምንነግረው ብዙ ጊዜ ለሌላው ነው። ሰው ጠንቃቃ ቢሆንም አንድ ቀን መስኮት ከፍቶ መሄዱ አይቀርም፤ ጥፋቱንም ዝናቡ ይገልጥበታል። አደራ በላ የሚያሰኘው ግን መስኮቱን መርሳቱ ሳይሆን፣ ቁልፉን ሲመልስ የሆነውን መደበቁ ነው። ትንሿ ሀገር በየስድስት ወሩ ከሹሞቿ የምትጠብቀው ይህንኑ ነው፤ የቤት ጠባቂም ቢሆን ከዚህ ያነሰ ዕዳ የለበትም።