የምስክር ወረቀቱና ቡና ለቃሚው፦ ስለ በሽታ መከላከል አቅም ማረጋገጫ ሥነ ምግባር



በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ የተመዘገበው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ሰሞን በዓለም ዙሪያ አንድ ሐሳብ ተሰነዘረ፦ በሽታው ይዞት የዳነ ሰው የመከላከል አቅም አዳብሯልና ምስክር ወረቀት ይሰጠው፤ እርሱን ይዞ ይንቀሳቀስ፣ ይሥራ የሚል። ቺሊ እንዲህ ያለ ወረቀት ለመስጠት ማቀዷን አስታውቃ ነበር። ዛሬ የማነሣው ጥያቄ፣ ይህ ወረቀት በሚዛን ተፈሪና በቴፒ የቡና ምድር ቢታወጅ ኖሮ ፍትሐዊ ይሆን ነበር ወይ የሚል ነው።

የደጋፊዎቹ መከራከሪያ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። የሰውን ነጻነት በወረርሽኝ ጊዜ የምንገድበው ሌላውን እንዳይጎዳ ነው፤ ማንንም የማያሰጋን ሰው ከሥራ ማገድ ግን ምክንያት ያጣል። ደግሞም ወረቀቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ወደ ብዙ አገሮች የሚሄድ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት መውሰዱን የሚያሳይ ቢጫ ካርድ ይይዛል።

ሆኖም ቢጫ ካርዱ የቆመው በጸና ዕውቀት ላይ ነው። አንዱ ክትባት ለዕድሜ ልክ የሚበቃ መሆኑ ስለ ታመነበት፣ ከሐምሌ 2008 ዓ.ም. ጀምሮ የምስክር ወረቀቱም የዕድሜ ልክ ሆኗል። በኮቪድ ረገድ ግን የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 16 ቀን 2012 ዓ.ም. ባወጣው ማሳሰቢያ፣ የዳኑ ሰዎች ዳግመኛ እንደማይያዙ የሚያሳይ ማስረጃ እንዳልነበረ አስጠንቅቋል። ቆየት ብሎም ብዙዎች ዳግመኛ ተይዘዋል። ወረቀት የማያውቀውን መመስከር የለበትም።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ ይከፋል። በ19ኛው መቶ ዘመን በአሜሪካዋ ኒው ኦርሊያንስ ከቢጫ ወባ የተረፈ ነጭ ሰው «አገሩን የለመደ» ተብሎ ሥራና ብድር በቀላሉ ያገኝ ነበር። ስለዚህ አንዳንድ አዲስ መጤዎች በሽታው እንዲይዛቸው ይሹ ነበር፤ ብዙዎቹም ሞቱ። አሁን ወደ በበቃ የቡና እርሻ እንመለስና እናስብ። የለቀማው ወቅት ደርሶ፣ ከሩቅ ቀዬ የመጣ የቀን ሠራተኛ በር ላይ «ወረቀትህን አሳይ» ቢባል ምን ያደርጋል? የዓመቱ ጥሬ ገንዘብ በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ላይ የተንጠለጠለበት ሰው ወይ ሐሰተኛ ወረቀት ይገዛል፣ ወይ ሆን ብሎ ይታመማል፣ ወይ ባዶ እጁን ይመለሳል። ሦስቱም ሕዝብን ከበሽታ አይጠብቁም።

«ታዲያ ማረጋገጫው ለተከተቡት ብቻ ይሰጥ» የሚል ይኖራል። ይህ መታመምን ከመሸለም ይሻላል፤ ነገር ግን ክትባቱ ማን ዘንድ ይደርሳል የሚል ጥያቄ ይከተለዋል። በአገራችን የኮቪድ ክትባት የተጀመረው የመጀመሪያው ታማሚ ከተመዘገበ ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያ የገባው 2.2 ሚሊዮን ያህል ዶዝ፣ ለአንድ ሰው ሁለት ሁለት ሲታሰብ፣ ከመቶ ኢትዮጵያውያን ለአንዱ ያህል ብቻ የሚበቃ ነበር።

ይህ አካባቢ ያንን ልዩነት ቀድሞም ያውቀዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1962 ድረስ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በኦሞ ሸለቆና በዙሪያው፣ ቢጫ ወባ 100,000 ያህል ሰው ይዞ 30,000 ያህሉን እንደ ገደለ ይገመታል። ክትባቱ ከተገኘ ያኔ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ድንበር አቋራጩ መንገደኛ የክትባት ወረቀት ይዞ ሲጓዝ፣ የሸለቆው ገበሬ ክትባቱን እንኳ አላገኘም ነበር። ወረቀቱ ድንበርን ጠብቆ ይሆናል፤ መንደሩን ግን አልጠበቀም።

ከዚህ በመነሣት ማረጋገጫ በደፈናው ይከልከል አልልም። አራት ነገሮች ግን ሊቀድሙት ይገባል እላለሁ። ክትባቱ በነጻ፣ ለቃሚው ባለበት ቦታ ይድረስ። ወረቀቱ ሳይንሱ ለሚመሰክርለት ጊዜ ብቻ ይጽና። ወረቀት የሌለው ሰው እንደ ምርመራ፣ ጭምብልና ተራርቆ መሥራት ያለ ሌላ መንገድ ይኑረው። የጤና መረጃውም አሠሪው እጅ አይግባ።

እነዚህ ሳይሟሉ የሚታደል ወረቀት ጤናማውን ከታማሚው አይለይም፤ ክትባት የደረሰውን ካልደረሰው ይለያል እንጂ። ለቃሚውም ባልደረሰው ክትባት ምክንያት ከእንጀራው ሊታገድ አይገባም።