ፋኑን ማን ያዝዘዋል?

ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ ወርዶ ጎጃም፣ ጉንደ ወይን የሚሻገር መኪና የሚፈተነው በመመለሻው ነው። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ በ2,600 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ወንዙ ከእሷ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ በቆላው ይፈሳል። ሲወርዱ ሞተሩ አይደክምም፤ ማርሹ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል፣ የውሃው ሙቀትም ይወርዳል። ሲመለሱ ነገሩ ይገለበጣል። ዳገቱ የሚጀምረው ከመንገዱ ሁሉ በሞቀው ቦታ ነው። መኪናው ጭነቱን ይዞ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ያዘግማል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፀሐይ ያሞቀው የገደሉ ነፋስ ሽቅብ ስለሚነፍስ ከመኪናው ጋር አብሮ ይወጣል እንጂ ከፊት መጥቶ ራዲያተሩን አይመታም። ኮፈኑን ከፍቶ፣ ጀሪካን አጠገቡ አስቀምጦ እንፋሎቱ እስኪበርድለት የሚጠብቅ ሾፌር በእንዲህ ያለ ዳገት ላይ ብርቅ አይደለም።

መፍትሔ ተብለው ከሚሸጡት ዕቃዎች አንዱ የፋን መቆጣጠሪያ ነው፤ ከኤሌክትሪክ ፋን ጋር የሚገጠም፣ የውሃውን ሙቀት እያነበበ ፋኑን የሚያስነሳና የሚያቆም ትንሽ ሣጥን። በአሮጌዎቹ የገጠር መኪኖች ላይ ከፋብሪካ አብሮ አይመጣም፤ ተገዝቶ የሚጨመር ነው። የጣሊያኑ ስፓል በኤሌክትሪክ ፋን፣ የአውስትራሊያው ዴቪስ ክሬግ በፋንና በመቆጣጠሪያው ይታወቃሉ። ሣጥኑ በራሱ ቅዝቃዜ አይፈጥርም። የሚለውጠው ፋኑን የሚያዝዘውን ነው፦ እስከ አሁን በዋናነት የሞተሩ ዙር ያዝዘው ነበር፣ ከእንግዲህ የውሃው ሙቀት ያዝዘዋል።

ደጋና ራዲያተር

ሞተር ከሚያቃጥለው ናፍጣ ጉልበት ሲሶ ያህሉ ሙቀት ሆኖ ወደ ማቀዝቀዣው ውሃ ይገባል። ፖምፓው ውሃውን በብሎኩና በቴስታታው ዙሪያ ያዞረዋል። ውሃው 82 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ወደ ራዲያተሩ ይለቀዋል፤ ራዲያተሩም ሙቀቱን በቀጫጭን ክንፎቹ መካከል ለሚያልፈው አየር ያስረክባል። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለሚሄድ መኪና ከፊት የሚመጣው ነፋስ ይበቃዋል። በ10 ኪሎ ሜትር ሽቅብ ለሚያዘግም ግን አየር የሚያመጣለት ፋኑ ብቻ ነው።

ከፍታው ሥራውን ሁለት ጊዜ ያከብደዋል። አንደኛ፣ በ2,600 ሜትር ላይ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ የሳሳ ነው፤ ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም ተሸክሞ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ደጋው ቀዝቃዛ መሆኑ ከዚህ ጉድለት ከፊሉን ይክሳል እንጂ አያጠፋውም። ሁለተኛ፣ ውሃ ቶሎ ይፈላል። መካነ ሰላም ላይ ክዳን በሌለው ዕቃ የተጣደ ውሃ 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ይንተከተካል። መኪናን ከዚህ የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን ነው። 0.9 ባር ግፊት የሚይዝ ጤነኛ ክዳን የንጹሕ ውሃን መፍያ ወደ 114 ዲግሪ ያደርሰዋል፤ ያው ክዳን በባሕር ዳርቻ ቢሆን 118 ዲግሪ ያልፋል። ኩላንት ሲጨመርበት ልኩ ከዚህም ከፍ ይላል።

እዚህ ላይ አንድ ሊዘነጋ የማይገባው ነገር አለ። ብዙ መቆጣጠሪያ ፋኑን 95 ዲግሪ አካባቢ ላይ እንዲያስነሳ ይስተካከላል። የክዳኑ ጎማ ተሰንጥቆ ግፊት መያዝ ካቃተው ደግሞ በዚህ ከፍታ ውሃው ፋኑ ከመነሣቱ በፊት ይፈላል። ውድ ሣጥን ገጥሞ ያረጀ ክዳን መተው ገንዘብን መንገድ ላይ መበተን ነው።

የፋብሪካው ፋን ጥንካሬና ድክመት

በገጠር መንገድ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችንና የወረዳ አምቡላንሶችን ሥራ ከተሸከሙት መኪኖች ዋነኛው የ70 ተከታታይ ላንድክሩዘር ነው። ከሞተሮቹ በጣም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ዋን ኤችዜድ፣ 4.2 ሊትር፣ ባለስድስት ሲሊንደር ናፍጣ ነው። ፋኑ የሚዞረው በቺንጋ ነው፤ በቺንጋውና በፋኑ መካከል ግን እንደ ማር የወፈረ የሲሊኮን ዘይት የያዘ ክላች አለ። ከክላቹ ፊት ያለችው ጥምዝ ብረት ከራዲያተሩ የሚመጣው አየር ሲሞቅ ተጣምማ ቀዳዳ ትከፍታለች፤ ዘይቱ ይገባና ፋኑን ከቺንጋው ዙር ጋር ያያይዘዋል። አየሩ ሲበርድ ይለቀዋል።

ይህ አሠራር ሽቦ የለው፣ ፊውዝ የለው፤ ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ሲሠራም የሚስበውን አየር ብዛት አብዛኛው የኤሌክትሪክ ፋን አይደርስበትም። ድክመቱ ዙሩ ሲወርድ ይታያል። ሾፌሩ ዳገት መሐል ላይ ለመተላለፍ ቢቆም፣ ሞተሩ በውስጡ ያከማቸው ሙቀት ገና ሳይወጣ ፋኑ ከሞተሩ ጋር አብሮ ይዝላል። ልምድ ያላቸው ሾፌሮች ቆመው ነዳጅ እየሰጡ ዙሩን ከፍ የሚያደርጉት ለዚህ ነው። ከዚህም ሌላ የሲሊኮን ዘይቱ በዓመታት ውስጥ ተንጠባጥቦ ያልቃል፤ ክላቹ መያዝ ያቆማል፣ ሾፌሩ ግን ፋኑ ሲዞር ስለሚያየው ጤነኛ ይመስለዋል። መመርመሪያው ቀላል ነው፦ ሞተሩ በሚገባ ከሞቀ በኋላ ጠፍቶ ፋኑ በእጅ ሲገፋ ሊከብድ ይገባል። ያለ ምንም ግትርነት ብዙ ዙር ከሄደ ክላቹ አልቋል።

ሣጥኑ ምን ይዟል

መቆጣጠሪያው ሦስት አካል አለው፦ ሙቀት የሚያነብ ሴንሰር፣ የሚወስነው ሣጥን፣ ኃይሉን የሚያስተላልፈው ክፍል (በቀላሉ ዓይነት ሪሌ)። ቀላሉ ዓይነት ሁለት ልክ ብቻ ያውቃል፤ ለምሳሌ 95 ላይ ያስነሳል፣ 88 ላይ ያቆማል። በሁለቱ መካከል ርቀት ባይኖር ፋኑ በየሰከንዱ እየተነሣ እየጠፋ ሪሌውን ያቃጥለው ነበር። የተሻለው ዓይነት ኃይሉን እየመጠነ ይለቃል፤ ፋኑ በዝግታ ይነሣና ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ይፈጥናል። ይህ ለዲናሞውና ለባትሪው ይመቻል፤ ቆሞ የነበረ ፋን በአንድ ጊዜ ሲነሣ ለቅጽበት የሚስበው ኃይል ከመደበኛው በእጥፍና ከዚያም በላይ ነውና።

ጥቅሙ በመካነ ሰላም አካባቢ፣ በቦረና መንገድ ላይ በግልጽ ይታያል። መኪናው ዳገት ላይ ቢቆም እንኳ ፋኑ በሙሉ ኃይሉ መሥራቱን ይቀጥላል። በጠዋት ብርድ ደጋማዎቹን የጉጉፍቱና የአቀስታ ከተሞች ለሚያልፍ መኪና ፋኑ ጨርሶ ስለማይነሣ ሞተሩ ቶሎ ይሞቃል። በክረምት የሞላ ወንዝ ለማቋረጥ ሲታሰብ ደግሞ በውሃ ውስጥ የሚዞር ፋን ክንፉ ወደ ፊት ተለምጦ ራዲያተሩን ሊቀድ ይችላል፤ በቺንጋ የሚዞረውን ለማስቆም ቺንጋውን መፍታት ያስፈልጋል፣ የኤሌክትሪኩን ግን ከመሪው አጠገብ ያለ ማጥፊያ ይበቃዋል።

አገጣጠሙ

ሥራው የሚጀምረው ከዕቃው ምርጫ ነው። ላንድክሩዘር አብዛኛውን ጊዜ በ12 ቮልት ይሠራል፤ አይሱዙን የመሰሉ የጭነት መኪኖች ግን በ24 ቮልት ስለሚሠሩ የፋኑም የሣጥኑም ቮልት መመሳሰል አለበት። ፋኑ ከራዲያተሩ ኋላ ሆኖ አየር የሚስብ ቢሆን ከፊት ሆኖ ከሚገፋው ይሻላል። ክንፎቹ ላይ በፕላስቲክ ማሰሪያ ከመውጋት ይልቅ በላሜራ ሽፋን ተይዞ መላውን የራዲያተር ፊት እንዲስብ ማድረግ ያስፈልጋል። ሽፋን የሌለው ፋን የሚያቀዘቅዘው ፊት ለፊቱ ያለውን ክብ ብቻ ነው።

ቀጥሎ የሴንሰሩ ቦታ ነው፤ ብዙ ስሕተት የሚፈጠረውም እዚህ ነው። ርካሹ ዘዴ ሴንሰሩን በራዲያተሩ ክንፎች መካከል መሰካት ነው፤ ነገር ግን ነፋስ ያሳስተዋል። የተሻለው የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ ቆርጦ በመሐሉ ሴንሰር የሚታሰርበት የብረት ቁራጭ ማስገባት ነው። ብረቱ በሁለት የጎማ ቱቦ መካከል ስለሚቀመጥ ከሻንሲው ጋር አይገናኝም፤ ባለአንድ ሽቦ ሴንሰር ከሆነ የራሱ ኔጋቲቭ ሽቦ ካልተሰጠው አይሠራም። የቱቦ ሴንሰር ሌላም ጉድለት አለው፦ ውሃው ፈስሶ ቱቦው ባዶ ከቀረ ሴንሰሩ የሚያነበው እንፋሎትና አየር ስለሆነ ሞተሩ እየነደደ ፋኑ ዝም ሊል ይችላል። ቴስታታው ላይ ነፃ ቀዳዳ ከተገኘ ብረቱን ራሱን የሚያነብ ሴንሰር ከሁሉ ይታመናል።

ከዚያ ሽቦው ይመጣል። 25 አምፔር የሚስብ ፋን በ12 ቮልት 300 ዋት ነው፤ ከነባሩ መስመር ላይ ተቀጥሎ የሚወሰድ ኃይል አይደለም። ወፍራም ሽቦ በቀጥታ ከባትሪው ይነሣል፣ ፊውዙ ለባትሪው ቅርብ ይሆናል፣ ኔጋቲቩም ቀለም ተፍቆ በንጹሕ ብረት ላይ ይታሰራል። ሣጥኑን የሚያነቃው ቀጭን ሽቦ ግን ከቁልፉ መስመር ቢመጣ ይመረጣል፤ አለበለዚያ መኪናው ሲያድር ባትሪው ባዶ ሊሆን ይችላል። ሪሌው በመብራትና በክላክስ ላይ ያለው የተለመደ ዓይነት ቢሆን ጥሩ ነው፤ ፋኑ ከሚስበው አምፔር በላይ እንዲችል ብቻ ይታይ። ትርፍ ሪሌና ፊውዝ በመሳቢያ የያዘ ሾፌር ገደል መሐል ላይ ኤሌክትሪሺያን አይፈልግም።

በመጨረሻ ሁለት ነገር ወደ ሾፌሩ ይገባል። አንዱ ሣጥኑን ዘሎ ፋኑን በእጅ የሚያስነሳና የሚያጠፋ ማብሪያ ነው። ሌላው ፋኑ ኃይል ማግኘቱን የሚያሳይ መብራት ነው። በቺንጋ የሚዞር ፋን ሲበላሽ ቀስ በቀስ ነው፤ የኤሌክትሪኩ ግን በአንድ የተቃጠለ ፊውዝ ያለማስጠንቀቂያ ይቆማል።

ለማን? መቼ?

ጤነኛ ክላች ያለው፣ ከባድ ጭነት የሚጭን ላንድክሩዘር የፋብሪካውን ፋን አውልቆ በኤሌክትሪክ ቢተካ ሊከስር ይችላል። ለእንዲህ ያለው የሚሻለው ነባሩን አስቀምጦ በመቆጣጠሪያ የሚነሣ ረዳት ፋን ከፊት መጨመር ነው። ከፊት የሚገፋው ከኋላ ከሚስበው ቢያንስም ነባሩ ዋናውን ሥራ ስለሚይዝ ለረዳትነት ይበቃል። ሙሉ ለውጡ የሚያዋጣው ክላቹ ላለቀ፣ ቀለል ያለ ጭነት ለሚይዝ ወይም ወንዝ ለሚበዛበት መኪና ነው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ያለውን አሮጌ መኪና ማቆየት የብዙ ባለቤት ጭንቀት ሆኗል፤ ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ እስከ ደሴ ባሉት የመለዋወጫ ሱቆችም ተስፋ የሚሸጥ ዕቃ አይጠፋም። ስለዚህ ገንዘቡ በቅደም ተከተል ይውጣ። መጀመሪያ በጣም ርካሹ፣ ክዳኑ። ቀጥሎ በክረምት ጭቃ፣ በውቂያ ወቅት በገለባና በእብቅ የተደፈነው ራዲያተር በውሃ ይታጠብ፤ ከወንዝ በተቀዳ ውሃ ውስጡ ደለልና ዝገት ከያዘም ተጠርጎ ኩላንት ይግባበት። ከዚያ ቺንጋው፣ ቴርሞስታቱና ክላቹ ይፈተሹ። እነዚህ ሁሉ ጤነኛ ሆነው መኪናው አሁንም የዓባይን ዳገት ሲወጣ የሚሞቅ ከሆነ፣ ጉድለቱ በእርግጥ የአየር ነውና ያን ጊዜ መቆጣጠሪያው የሚገዛበት ምክንያት አለው። የመጀመሪያው ሙከራ ግን ከመካነ ሰላም ጋራዥ በማይርቅ አጭር ዳገት ላይ ይሁን።