ዘፋኟና መምህሯ

ኦፔራ ማለት ተዋንያን ታሪኩን በኦርኬስትራ ታጅበው እየዘፈኑ የሚጫወቱት ቴአትር ነው። ዘፋኙ በተለምዶ በድምፅ ማጉያ ስለማይረዳ፣ ድምፁ ከኦርኬስትራው በላይ አልፎ እስከ ኋላው ወንበር መድረስ አለበት። ይህም እንደ አገራችን ዜማ ቤት ከመምህር ሥር ተቀምጦ ብዙ ዓመት መማርን ይጠይቃል።

ስለዚሁ ትምህርት ከሚያወሱት የሆሊውድ የሙዚቃ ኮሜዲዎች አንዱ፣ ኮሎምቢያ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1934 ያወጣው «ዋን ናይት ኦፍ ላቭ» (አንድ የፍቅር ሌሊት) ነው። ዋናዋ ተዋናይ ግሬስ ሙር ከ1928 ጀምሮ በኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ የዘፈነች እውነተኛ የኦፔራ ዘፋኝ ነበረች።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሜሪ የተባለች አሜሪካዊት ድምፅ ለመማር ኢጣሊያ ትሄዳለች። በአንድ ካፌ ስትዘፍን ሞንቴቬርዲ የተባለ ስመ ጥር መምህር ይሰማትና ሊያስተምራት ይቀበላታል፤ ነገር ግን በሁሉ ነገር እንድትታዘዘው ያዛል። ውሎ አድሮ ይዋደዳሉ፤ ቅናትም ይገባል። የፊልሙ ሳቅ የሚመነጨው ከዚሁ ቅናትና ኩርፊያ ነው።

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለውን ድምፅ መቅዳት ቀላል አልነበረም፤ በጣም ዝቅ ብሎ ይጀምርና በጣም ከፍ ይላልና። ኩባንያው የሸክላው መርፌ ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ላይና ወደ ታች እየቀረጸ በሚሄድበት ዘዴ ተጠቀመ። ፊልሙም በሙዚቃና በድምፅ ቀረጻ የኦስካር ሽልማት አገኘ።

በመጨረሻ ሜሪ በሜትሮፖሊታን የምትዘፍነው የፑቺኒን «ማዳማ በተርፍላይ» ነው። ይህ በ1904 ለመድረክ የበቃ ኦፔራ፣ በናጋሳኪ ወደብ የአሜሪካዊ ባሏን መርከብ ስለምትጠብቅ ጃፓናዊት ይተርካል። በጅቡቲ ወደብ ለምንኖር ለእኛ ታሪኩ ሩቅ አይደለም። ተማሪዎቻችን የኢጣሊያንኛውን ቃል ባያውቁም መርከብ መጠበቅን ያውቃሉ፤ ስለዚህ ትምህርቱን ከዚያ መጀመር ይቻላል።

ከፊልሙ የምንተወውም የምንወስደውም አለ። መምህሩ ትምህርትን ከፍቅር ጋር መቀላቀሉና የተማሪዋን ኑሮ በሙሉ ልግዛ ማለቱ ለኮሜዲ ያስቃል እንጂ ለመምህር አይገባም። የሚወሰደው መጨረሻው ነው። በኦፔራ ቤት ከመድረኩ ፊት ዝቅ ብሎ የተሠራ ጠባብ ስፍራ አለ፤ በዚያ የሚቀመጠው ሰው ለዘፋኞቹ ቃል ያስታውሳል፤ ተመልካች ግን አያየውም። ሜሪ ፈርታ ስትቆም መምህሯን በዚያ ስፍራ ታየዋለች፤ ልቧ ይረጋል፤ ትዘፍናለች። እኛም የፈተናና የመድረክ ቀን ሲደርስ ስፍራችን ይኸው ነው፦ ተማሪው በሚያየን፣ ጭብጨባው ግን ለእርሱ በሚሆንበት ቦታ።