የእንጦጦ አለት የሚመሰክረውና የማይመሰክረው

«ፈጣሪ መኖሩን ሳይንስ ራሱ አረጋገጠ» የሚለው አባባል ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በየዐውደ ምሕረቱ፣ በየጽዋ ማኅበሩና በየመንገዱ ዳር በሚሸጡ መጻሕፍት ውስጥ እየተዘወተረ መጥቷል። የዚህ ተቃራኒ የሆነው፣ «ፈጣሪ አለመኖሩን ሳይንስ አረጋግጧል» የሚለው ደግሞ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ በየውይይት ክበቡ የተሰበከና ብዙ ወጣት በቃሉ የያዘው ትምህርት ነበር። ሁለቱ አባባሎች ሲታዩ ባላንጣዎች ይመስላሉ። ሐቁ ግን ሁለቱም ሳይንስን ባላየው ጉዳይ ላይ እማኝ አድርገው ችሎት ያቆሙት መሆኑ ነው። ጉዳዩ የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኛም በዝምታ ባለፍነው ነበር። ነገር ግን በዚህ ሐሳብ ሳቢያ በአገራችን ሰዎች ሞተዋል፤ ያውም በሁለቱም ወገን።

ነገሩን በአየር ላይ ከመተንተን ይልቅ መሬት ማስያዝ ይበጃል። ለዚህም ላምበረትን የመሰለ ስፍራ የለም። ስሙ የከብት በረትን የሚያስታውሰው፣ ዛሬ ግን በመናኸሪያው የሚታወቀው ይህ የሰሜን ምሥራቅ አዲስ አበባ ሰፈር ራስጌው የየካና የእንጦጦ ሰንሰለት ነው። በየካ ተራራ ላይ ከአንድ ወጥ አለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል ይገኛል። ትውፊት ዘመኑን ወደ አራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲያደርሰው ተመራማሪዎች ግን ወደ መካከለኛው ዘመን ያቀርቡታል። ሰንሰለቱን ይዞ ወደ ምዕራብ የሄደ ሰው ከእንጦጦ ራጉኤልና ከእንጦጦ ማርያም ይደርሳል፤ የማርያም ጠበል ከመላ አገሪቱ ሕሙማንን የሚስብ ነው። በዚያው ከፍታ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ የእንጦጦ የሥነ ፈለክ መመልከቻ ጣቢያ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር ስፋት ያለው መስታወት የያዙ ሁለት ቴሌስኮፖቹን አቁሟል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር የተወነጨፈችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት መረጃዋን የላከችው ወደዚሁ ተራራ ነበር። እንግዲህ ቅዳሴው፣ ጠበሉና ቴሌስኮፑ በአንድ ጀርባ ላይ ተሰልፈዋል ማለት ነው።

ተራራው ራሱ ምን ይላል? የጂኦሎጂ ሊቃውንት የእንጦጦን የእሳተ ገሞራ አለት 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያደርጉታል። ቁጥሩ ከግምት የመጣ አይደለም። በአለት ውስጥ ከሚገኘው ፖታሲየም ጥቂቱ እጅግ በዝግታ ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል፤ የዚህ ለዋጩ ክፍል ግማሹ እስኪለወጥ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ያህል ይፈጃል። አለቱ ቀልጦ ሲፈስ ጋዙ ያመልጣል፤ ሲረጋ ግን አዲስ የሚፈጠረው ጋዝ እዚያው ታስሮ ይቀራል። ስለዚህ የታሰረውን ጋዝ ከቀረው ፖታሲየም ጋር ያነጻጸረ ባለሙያ አለቱ የረጋበትን ዘመን ያሰላል። ኅዳር 1967 ዓ.ም. በአፋር፣ ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት፣ በመካከለኛው አዋሽ የተገኘችው አርዲም 4.4 ሚሊዮን ዓመት የተባሉት በዙሪያቸው በነበረው የእሳተ ገሞራ አመድ ላይ የዚሁ ዘዴ ልጅ በሆነ ስሌት ነው።

በቤተ ክርስቲያናችን የዘመን አቆጣጠር ግን ዓለም ከተፈጠረ እስከ ክርስቶስ ልደት 5,500 ዓመት ነው። በ2000 ዓ.ም. አዲሱን ሺህ ዘመን ስንቀበል ዓመተ ዓለሙ 7,500 ነበር። ሰባት ሺህ አምስት መቶን ከሃያ ሁለት ሚሊዮን ጋር በአንድ ትርጉም ማስታረቅ አይቻልም። እንግዲህ «ሳይንስ ኦሪት ዘፍጥረትን ደገፈ» የሚለው ሰው ችግር ላይ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ዩኒቨርስ ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት በፊት መነሻ ነበረው ሲባል «ይኸው በመጀመሪያ የተባለው!» ብሎ ያጨበጭባል፤ ያው የቁስ አካል ሕግ የእንጦጦን አለት ዕድሜ ሲነግረው ግን ጆሮውን ይደፍናል። ሳይንስ ደግሞ እንደ ገበያ ሽንኩርት እየመረጡ የሚሸምቱት አይደለም።

ለፍርድ እንዲያመች ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ምእመኑ በየዕለቱ በሚደግመው ጸሎተ ሃይማኖት ውስጥ ፈጣሪ ሰማይንና ምድርን እንደፈጠረ ይነገራል፤ የዓመት ቁጥር ግን አንድም የለበትም። ሊቃውንቱም ቢሆኑ የሰማይን ነገር የያዙት በጥቅስ ብቻ አልነበረም። መጽሐፈ ሄኖክ በምሉዕነት የተጠበቀው በግዕዝ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ከቅዱሳት መጻሕፍቷ ጋር ትቆጥረዋለች። በዚህ መጽሐፍ የዓመቱ ርዝመት 364 ቀን ነው። ሆኖም ፋሲካ መቼ እንደሚውል የሚወስነው ባሕረ ሐሳብ የሚሠራው በ365 ቀን ከሩብ ነው። የቀድሞዎቹ መሪጌቶች መጽሐፉን አክብረው በመደርደሪያው ላይ አኖሩት፤ ዓመቱን ግን ፀሐይ በምትሄድበት ልክ ቆጠሩ። ይህን ያደረጉት ደግሞ ሃይማኖታቸውን ለመተው አስበው አልነበረም። በእኛ አስተያየት ዛሬ ላይ ቆመው ሳይንስንና እምነትን በግድ ከሚያጋቡት ሰባኪዎች ይልቅ እነዚያ የቅኔ ቤት ሰዎች ነገሩ ገብቷቸው ነበር።

ወደ ዩኒቨርስ መነሻ እንመለስ። ዩኒቨርስ እየሰፋ መሄዱን እ.ኤ.አ. በ1927 ከአንስታይን ቀመሮች ያወጣው፣ በ1931ም ሁሉም ከአንድ «የመጀመሪያ አቶም» ፈነዳ የሚለውን መላ ምት ያቀረበው ቤልጂጋዊው ዦርዥ ለሜትር ነው። ለሜትር የፊዚክስ ሊቅ ብቻ ሳይሆን የካቶሊክ ቄስም ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1951 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒየስ 12ኛ ባሰሙት ንግግር አዲሱ ሳይንስ የፍጥረትን ቃል እንደመሰከረ አድርገው ተናገሩ። ይህን ሰምቶ ቅር የተሰኘው ከሁሉ አስቀድሞ ራሱ ለሜትር ነበር። የእርሱ ንድፈ ሐሳብ ከማንኛውም የሃይማኖት ጥያቄ ውጭ የቆመ መሆኑን፣ ለአማኙም ለቁስ አካላዊውም እኩል ክፍት እንደሆነ አበክሮ ይናገር ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ለሥነ ፈለክ ሊቃውንት ሲናገሩ ያንን ማስረጃ አልደገሙትም። የንድፈ ሐሳቡ አባት፣ ያውም ቄስ ሆኖ፣ «ይህን ለእምነት ምስክር አታድርጉት» ካለ የእኛዎቹ ሰባኪዎች ከእርሱ በላይ ለመሆን የሚጥሩት ስለ ምንድን ነው?

ለሜትር የፈራውን ነገር ታሪክ ደጋግሞ አሳይቷል። ኒውተን ፕላኔቶች እርስ በርስ ሲሳሳቡ ሥርዓታቸው ቀስ በቀስ እንደሚናጋ ስለታየው የፈጣሪ እጅ አልፎ አልፎ ያስተካክለዋል ብሎ አሰበ። ከመቶ ዓመት በኋላ ላፕላስ የጁፒተርና የሳተርን መዛባት ራሱ ተመላላሽ መሆኑን በስሌት ሲያሳይ ለዚያ እጅ የተተወው ሥራ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ1802 ፔሊ የሕያዋንን አካል በተዋጣለት ሰዓት መስሎ ሰዓት ሠሪ አለ ሲል ተከራከረ፤ በ1859 ዳርዊን ያ ስምምነት በተፈጥሮ ምርጫ እንዴት እንደሚመጣ አስረዳ። ባልታወቀው ክፍተት ውስጥ ፈጣሪን ያስቀመጠ ሰው ዕውቀት በሰፋ ቁጥር ፈጣሪን ከቤት ወደ ቤት ሲያዘዋውር ይኖራል። አሁን የተያዘው የመጨረሻው ቤት የተፈጥሮ ቋሚ መጠኖች ነገር ነው፤ የስበት ኃይል ወይም የአቶም እምብርት ኃይል ጥቂት ቢለይ ኖሮ ሕይወት ባልኖረ ነበር፣ ስለዚህ ታቅዶ ነው ይባላል። ሌላው ደግሞ አያሌ ዩኒቨርሶች አሉ፣ የእኛው አንዱ ዕጣ ነው ይላል። ሁለቱም በሙከራ አልተፈተኑም፤ ስለዚህ ሁለቱም ለጊዜው ፍልስፍና ናቸው።

ሚዛኑን ለማቅናት ወደ ሌላው ወገን እንሻገር፤ ይህ ደግሞ የራሳችን ትውልድ ዕዳ ነው። በሶቪየት ኅብረት ዣዳኖቭ እ.ኤ.አ. በ1947 የለሜትርን ተከታዮች ሳይንስን የሚያጣምሙ ብሎ አወገዛቸው፤ መነሻ ያለው ዩኒቨርስ የቄስ ተረት መሰለው። እንግሊዛዊው ፍሬድ ሆይልም መነሻ የሚለውን ሐሳብ አልወደደውም፤ ሆይል ግን በቀመር ተከራከረ እንጂ ማንንም አላሳሰረም። በ1965 ከሕዋ በየአቅጣጫው የሚመጣው የሙቀት ቅሬታ ጨረር መገኘቱ ሲታወቅ ክርክሩን ያጋደለው ማስረጃው እንጂ የማንም ዓለም አመለካከት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ አገራችን መጥቶ ስንዴአችንንና ገብሳችንን የሰበሰበው፣ ኢትዮጵያን ከሰብሎች መገኛ ማዕከላት አንዷ ያደረገው ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1943 በሳራቶቭ እስር ቤት ውስጥ አረፈ። ሊሴንኮ የሚባለው ሰው የዘር ውርስን ሳይንስ ከ«ትክክለኛው» ርዕዮተ ዓለም ጋር አይገጥምም ብሎ ስለዘመተበት ነበር። ራሱን ሳይንሳዊ ብሎ የሚጠራ ሥርዓት ሳይንቲስቱን በረሃብ ገደለው!

በአገራችንም «ሳይንሳዊ» የሚለው ቃል ከባድ ሥልጣን የያዘበት ዘመን ነበር። በየካቲት 66 የፖለቲካ ትምህርት ቤትና በየቀበሌው ሃይማኖት የኋላ ቀርነት ቅሪት ነው ተብሎ ተሰጠ፤ ተማሪውም ጻፈ። ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሥተው በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳም በዚያው ዓመት ተገደሉ። እነዚህን ሰዎች ያስገደለ ቤተ ሙከራ የለም፤ የፖለቲካ ውሳኔ ነው። ውሳኔውን ለመሸፈን ግን የሳይንስ ስም በእጅ ነበር።

ታዲያ የፈጣሪ ጥያቄ ቦታው የት ነው? ለዚህ መልስ ለማግኘት ባሕር መሻገር አያሻም። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የሃይማኖት ጠብ ሸሽቶ በዋሻ የተቀመጠው ዘርዐ ያዕቆብ በ«ሐተታ»ው ይህንኑ ጠይቋል። ማን ፈጠረኝ ብሎ ይነሣል፤ ወላጆቹን፣ የወላጆቹን ወላጆች እየቆጠረ ወደ ኋላ ይሄድና ያልተፈጠረ ፈጣሪ ላይ ይቆማል። የመጽሐፉ ባለቤትነት ራሱ አከራካሪ ነው፤ ኮንቲ ሮሲኒ የጣልያናዊው መነኩሴ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ድርሰት ነው ሲሉ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ክላውድ ሰምነር የዘርዐ ያዕቆብ ነው ብለው ተሟግተዋል። ለእኛ ጉዳይ ግን ዋናው ነጥብ የክርክሩ ዓይነት ነው። «ሐተታ» መለኪያ አላወጣም፤ አለት አልመዘነም። በልቡና ተመራመረ እንጂ ማስረጃ ከቤተ ሙከራ አልተበደረም። በዚህ መንገድ ወደ ፈጣሪ መድረስ ይቻላል፤ ሰንሰለቱ ለምን መነሻ ይኖረዋል ብሎ መመለስም ይቻላል። ቴሌስኮፑ በሁለቱ መካከል አይዳኝም። ቴሌስኮፑ የሚለየው እገሌ የተባለው ኮከብ ምን ያህል ብሩህ መሆኑን ነው። (ይህንንም ቢሆን የከተማይቱ መብራት እያስቸገረው ነው፤ ባለሙያዎች በላሊበላ አካባቢ ባሉት የላስታ ተራሮች ላይ የጠራ ሰማይ ያጠኑት በዚህ ምክንያት ነው።)

ይህን ድንበር ማደብዘዝ የሚያስከፍለውን ዋጋ ለማየት እንደገና ወደ ተራራው እንውጣ። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነፃ መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ በእንጦጦ ማርያም ጠበል ብዙ ሕሙማን ሠፍረው ነበር። ከእነርሱ መካከል ክኒኑን የጣሉ ነበሩ፤ መድኃኒት መዋጥ እምነትን ማጉደል ነው ተብለዋልና። የተሰጣቸውም «ማስረጃ» ነበር፤ እገሊት ድናለች፣ እገሌ ተመርምሮ ነፃ ሆኗል የሚል ምስክርነት። እዚህ ላይ ጥያቄው ከዘርዐ ያዕቆብ ጥያቄ ፈጽሞ ይለያል። ፈጣሪ አለ ወይ የሚለውን ደም መርምሮ ማወቅ አይቻልም፤ ቫይረሱ በደም ውስጥ አለ ወይ የሚለው ግን በደም ምርመራ የሚታወቅ ነው፤ ለዚህ የሚያሻው የምርመራ ወረቀት እንጂ ወሬ አይደለም። ክኒኑን ያቋረጠ ሕመምተኛ ቫይረሱ ያገረሽበታል፣ መድኃኒቱንም ሊለምደው ይችላል፤ ቫይረሱ አማኙን ከኢአማኙ አይለይም።

እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ፣ ሕመምተኛው ሁለቱንም መውሰድ እንደሚችል በይፋ ተናገሩ። ፓትርያርኩ ይህን ሲናገሩ ሳይንስ እምነታቸውን እንዲያረጋግጥላቸው አልጠየቁም፤ እምነታቸውም በክኒኑ ላይ እንዲፈርድ አልፈቀዱም። ከዚያ በኋላ በጠበሉ ዙሪያ የነበረው ሕመምተኛ ማለዳ ሊጠመቅ ሲወርድ ክኒኑን በነጠላው ጫፍ ቋጥሮ መያዝ አላሳፈረውም፤ ሰዓቱ ሲደርስም በጠበሉ ውሃ ይውጠው ጀመር።