የተጎረባበጠ ጀልባ እንዴት ይስተካከላል?

ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ ትመላለስ የነበረችው መርከብ ከምታርፍባቸው ወደቦች አንዷ ደልጊ ናት። የጣና ዳር ሰው ግን ከመርከቧ በፊትም በደንገል ታንኳ ሐይቁን ሲሻገር ኖሯል። በ1969 እ.ኤ.አ. ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በአትላንቲክ ላይ የሞከራት «ራ» እንኳ የተሠራችው ከጣና በተወሰደ ደንገል ነበር። ደንገል ቀላል ነው፤ ውኃ ሲመጥ ግን ይከብዳል፤ ዕድሜውም አጭር ነው። ስለዚህ ከኮምፔንሳቶ ጀልባ ሠርተው በፋይበርግላስና በኢፖክሲ ለመሸፈን አስበው ይሆናል።

የጀማሪ ሥራ ብዙ ጊዜ ይጎረባብጣል። በዚህ አይደንግጡ፤ ነገር ግን ጉብታውን ለመደበቅ ሌላ ወፍራም ኢፖክሲ አይድፉበት። ወደ ታች ይንጠባጠባል፤ ጀልባውንም ያከብደዋል።

መልክ ነው ወይስ አደጋ?

አስቀድመው ይህን ይለዩ። የደረቀ ጠብታና ጉብታ የመልክ ጉድለት ነው። ቀናት አልፈውት አሁንም የሚያጣብቅ ቦታ ካለ ግን ኢፖክሲውና ማጠንከሪያው በትክክል አልተለኩም ወይም በደንብ አልተዋሐዱም ማለት ነው። ይህን ፍቀው ያውጡት፤ በላዩ አይቀቡ። ነጣ ያለ ወይም በሳንቲም ሲመቱት ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ቦታም ጨርቁ ከእንጨቱ ጋር አልተጣበቀም። ቆርጠው ያንሡት፤ ዙሪያውን ሞርደው ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር አልፎ የሚሸፍን አዲስ ጨርቅ ያልብሱት። ማዕበል ሲነሣ የሚከዳዎት እንዲህ ያለው ቦታ ነው።

የማስተካከሉ ሥራ

ኢፖክሲ ሲደርቅ ሰም የመሰለ ስስ ንጣፍ ሊያወጣ ስለሚችል መጀመሪያ በንጹሕ ውኃና በሻካራ ስፖንጅ አጥበው ያድርቁት። ከዚያ ቁጥር 80 የብርጭቆ ወረቀት በረጅምና ቀጥ ባለ እንጨት ላይ ጠቅልለው ይፈግፍጉ። በእጅ ብቻ ከፈገፈጉት ጉድጓዱንም አብረው ያወርዱታል። የጨርቁ ክር መታየት ሲጀምር ያቁሙ፤ የጀልባው ጥንካሬ እርሱ ነውና። አቧራው ለሳንባ ስለሚጎዳ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ፤ ልጆችንም ያርቁ።

አሁን በእርሳስ መላውን ገጽ ይሞነጫጭሩና ቀስ ብለው ይፈግፍጉ። እርሳሱ ያልጠፋበት ቦታ ጎድጓዳ ነው። እርሱን ቀላል የመሙያ ዱቄት በተቀላቀለበት ኢፖክሲ በስፓቱላ ይሙሉት፤ ሲደርቅ መልሰው ይፈግፍጉ።

በመጨረሻ ስስ ኢፖክሲ ደጋግመው ይቀቡ። ይህን ጠዋት ሙቀቱ እየጨመረ ሳለ አያድርጉት፤ በእንጨቱ ውስጥ ያለው አየር እየሰፋ አረፋ ይሠራል። ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ሲቀንስ፣ በጥላ ሥር ይሁን። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለ ፀሐዩ ብርቱ ነው፤ ኢፖክሲ ደግሞ ፀሐይን አይችልም። ስለዚህ በቀለም ይሸፍኑት።

ልጆችዎን ከማሳፈርዎ በፊት ጀልባውን ዳር ላይ፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ ይፈትኑት። ጥቂት ቀን መታገሥ ሐይቁ መካከል ከመጸጸት ይሻላል።