አራት አገር የሚከፍት አንድ በር

አስማተኛ ቤት ያለባቸው የልጆች ተረቶች የሚወዱት አንድ ብልሃት አለ፤ ከውጭ ደሳሳ ጎጆ የመሰለው ቤት፣ ገባ ሲሉ የንጉሥ አዳራሽ ይሆናል። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ዳያና ዊን ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመችው «ተንቀሳቃሹ የሃውል ግንብ» በተባለ ልብ ወለድ ይህን ብልሃት ገልብጣዋለች። የእሷ ቤት ከውጭ ሲታይ ረጅም፣ ጥቁር፣ አራት ማማ ያለው፣ ጭስ እየተፋ በኮረብታ ላይ የሚንሸራተት አስፈሪ ግንብ ነው። ባለቤቱ አስማተኛው ሃውል የልጃገረዶችን ልብ ይበላል እየተባለ ስለሚወራ ማንም አይጠጋውም። በሩን አልፎ የገባ ሰው የሚያገኘው ግን አንድ ጠባብ ክፍል፣ አመድ የሞላበት ምድጃ፣ የተዝረከረከ ጠረጴዛና በየማዕዘኑ የተንጠለጠለ የሸረሪት ድር ነው። መታጠቢያ ቤትና ጥቂት መኝታ ክፍሎች ጨምሩበት። በቃ፣ ግንቡ ይኸው ነው!

መጽሐፉን ያላነበባችሁ እንድታነቡት አጥብቄ ስለምፈልግ ቤቱ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳችሁ። የቤቱ አሠራር የገባው ሰው ቀልዱም ይገባዋል፤ ምክንያቱም ጆንስ ቤቱን የነደፈችው በባለቤቱ ጠባይ ልክ ነው። እያንዳንዱ በር፣ እያንዳንዱ ጥግ፣ እያንዳንዱ ድግምት የአንድን ሰው ገመና ያወጣል።

ከበሩ እንጀምር። ከመቃኑ በላይ አራት ጎን ያለው የእንጨት እጀታ ተተክሏል። በየጎኑ አንድ አንድ የቀለም ምልክት አለ፤ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቀይና ጥቁር። እጀታው ሲዞር ወደ ታች የዋለው ቀለም በሩ የት እንደሚከፈት ይወስናል። አረንጓዴው ከሆነ ግንቡ የሚንከራተትበት ኮረብታ ላይ ትወጣላችሁ። ሰማያዊው ፖርትሄቨን የተባለች የባሕር ዳር ከተማ ያደርሳችኋል፤ ቤቱ በእውነት የቆመውም እዚያ ነው። ቀዩ የሚከፈተው የንጉሡ መቀመጫ በሆነችው በኪንግስበሪ ነው። ጥቁሩ የሚያወጣበትን የሚያውቀው ሃውል ብቻ ነው። አንባቢው ይህ ጥቁር በር ወዴት ይሆን እያለ ሲጓጓ ቆይቶ፣ በመጨረሻ ራሱን መኪናና ቴሌቪዥን ባለበት በዛሬው ዘመን ዌልስ ያገኘዋል! ኃያሉ አስማተኛ እዚያ ሃዌል ጄንኪንስ የሚባል፣ ሥራ ፈት እያለች እህቱ የምትቆጣው ተራ ሰው ነው። ለእህቱ ልጅ የኮምፒውተር ጨዋታ ይዞለት ይሄዳል፤ ጨዋታውም አራት በር ስላለው አስማተኛ ግንብ ነው።

አራት በር ለምን አስፈለገ? ሃውል ማምለጥ የሚወድ ሰው ስለሆነ ነው። በፖርትሄቨን አስማተኛው ጄንኪን ይባላል፣ በኪንግስበሪ ደግሞ ፔንድራገን። በአንዱ በር የሚፈልገው ሰው ሲመጣ በሌላው ይወጣል። አንዲት ልጅ እስክትወደው ድረስ ይለማመጣታል፤ ስትወደው ይጠፋል። ልብ ይበላል የሚለውን ወሬ እንኳ ያስወራው ራሱ ነው፤ ሰው ፈርቶት እንዲተወው። ንጉሡ አንድ አደገኛ ሥራ ሊያዘው ሲፈልግ ደግሞ፣ ሃውል አንዲት አሮጊት እናቱ ነኝ ብላ ቤተ መንግሥት ገብታ ስሙን እንድታጠፋለት ይልካታል። ልጄ ሰነፍና ፈሪ ነው ብላ እንድትናገር መሆኑ ነው! አያችሁት? አስፈሪው ግንብ፣ አራቱ በር፣ የውሸት ስሞቹ፣ ሁሉም የአንድ ሰው መደበቂያ ናቸው። ከውጭ የሚያስፈራው፣ ከውስጥ የተዝረከረከው፣ በአራት በኩል የሚያመልጠው ቤቱ ብቻ አይደለም፤ ሃውል ራሱ ነው።

ያቺ አሮጊት ማን ናት? እዚህ ላይ ጆንስ ሁለተኛ ተረት ትገለብጣለች። በአውሮፓ ተረቶች ሦስት ልጆች ዕድላቸውን ፍለጋ ሲወጡ የመጀመሪያዋ ሳይሳካላት ትቀራለች፣ ሁለተኛዋም እንዲሁ፤ የሚቀናው ለመጨረሻዋ ነው። ታሪኩ የሚካሄድባት ኢንጋሪ የምትባል አገር ይህን ተረት እንደ ሕግ ታምንበታለች። ሶፊ ሃተር ደግሞ የሦስት እህትማማቾች ታላቅ ናት። ምንም ብሞክር አይሳካልኝም ብላ ስላመነች በሟች አባቷ ባርኔጣ ሱቅ ቁጭ ብላ ባርኔጣ እያስጌጠች ከባርኔጣዎቹ ጋር ታወራለች። አንዱን ሀብታም ታገቢያለሽ፣ ሌላውን ምስጢር የሞላብሽ ነሽ ትለዋለች። የገዙት ሴቶች ሕይወት ልክ እንዳለችው ይሆናል። ሶፊ ግን የቃሏን ኃይል አታውቀውም። አንድ ቀን የጠፍ ምድር ጠንቋይ የምትባለው ሴት ሱቁ ትገባና ተቆጥታ ወጣቷን የዘጠና ዓመት አሮጊት ታደርጋታለች፤ የደረሰባትን ለማንም እንዳትናገርም አፏን በድግምት ትዘጋዋለች።

ሌላ ደራሲ ቢሆን ሶፊን ያስለቅሳት ነበር። ጆንስ ግን ዳቦና አይብ አስይዛ መንገድ ታስጀምራታለች፤ መንገዱም ወደ ሃውል ግንብ ያደርሳታል። ትናንት ከሰው ጋር ማውራት የሚያሳፍራት ልጅ ዛሬ የማታውቀውን ቤት በር ትደበድባለች፣ ምድጃው አጠገብ ያለውን ወንበር ትይዛለች፣ ጧት ተነስታም የቤቱ ጠራጊ እኔ ነኝ ትላለች። የቀጠራት የለም፤ እምቢ ለማለትም የደፈረ የለም። የእኛ አገር አንባቢ ይህን ቶሎ ይረዳዋል፤ እማማ የፈለጉትን ሲናገሩ ማን ያቋርጣቸዋል? እርጅና ለሶፊ ነፃነት ሆነላት። ወጣት ሳለች ያፈነችውን ሁሉ አሁን ትናገረዋለች።

የመጽሐፉ ትልቁ ሳቅ የሚፈልቀው ከዚህ ጽዳት ነው። በዚህ ቤት አስማት ማንንም ከቤት ሥራ አያድንም። ምድጃው ውስጥ ካልሲፈር የሚባል የእሳት ጋኔን ይኖራል፤ ሰማያዊ ፊት፣ አረንጓዴ የነበልባል ፀጉር ያለው። ግንቡን የሚያንቀሳቅሰው፣ ለመታጠቢያው ውኃ የሚያሞቀው፣ ድግምቱን የሚሠራው እሱ ነው። ቀኑን ሙሉ ያማርራል። ከሃውል በቀር መጥበሻ ለሚጥድበት ሰው ራሱን ዝቅ አያደርግም። ሶፊ ግን ውኃ አፈስብሃለሁ ብላ ታስፈራራውና ቤከኗን ትጥድበታለች። ካልሲፈር ስምምነት ያቀርብላታል፤ ከሃውል ጋር የሚያስረኝን ውል ፍቺልኝ፣ እኔም ድግምትሽን እፈታልሻለሁ። ችግሩ የውሉን ይዘት ሊነግራት አይችልም፤ ራሷ ማወቅ አለባት። ስለዚህ ሶፊ መጥረጊያ ይዛ የምትፈልገው የጋኔኑንም የሃውልንም ምስጢር ነው። ጽዳት ምርመራ ሆነ ማለት ነው፤ ከታሪኩ አሠራር ይህ በጣም ያስደስተኛል።

ሃውል በበኩሉ ሸረሪቶቹ እንዳይነኩ ያዛል፣ መኝታ ቤቱንም አላስጠርግም ይላል። በየማለዳው ሁለት ሰዓት ያህል መታጠቢያ ቤት ይዘጋበታል። የቆዳ፣ የዓይንና የፀጉር ማሳመሪያዎቹ እዚያ ተደርድረዋል። ሶፊ ስታጸዳ ቦታቸውን ታዛባለች፤ ሃውልም አንድ ጧት ፀጉሩ ከሚፈልገው ቀለም ትንሽ ወደ ሮዝ ያዘነበለ ሆኖ ይወጣል። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ትዕይንት ልጆችን በሳቅ የሚያፈነዳ ነው። አስማተኛው ሕይወቴ አለቀለት ብሎ ወንበር ላይ ይቀመጥና አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ከሰውነቱ ይፈልቃል። ወለሉን ያጥለቀልቀዋል፣ ካልሲፈርን ሊያጠፋው ይደርሳል፣ ቤቱ ይጨልማል፣ በሩ በሚከፈትበት ከተማ ሁሉ ሰው በድንጋጤ ይጮኻል። ሶፊና ተለማማጁ ማይክል ጎትተው ወደ መታጠቢያ ቤቱ ያስገቡታል፣ ከዚያ ቁጭ ብላ የምትጠርገው እሷው ናት። አገር የሚፈራው ሰው በፀጉር ቀለም ሲያኮርፍ ማየት ለልጅ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ኃይል ያለው ሁሉ አዋቂ እንዳልሆነ ይገነዘባል።

ቀልዱ በሃውል ላይ ብቻ አያበቃም። ሶፊ የሃውልን መሸሸጊያ እየጠረገች የራሷን አታየውም። ሃውል ድግምት እንዳለባት ገና ቀድሞ አውቋል። ሳትሰማ ሊፈታላት ደጋግሞ ሞክሯል። አልፈታ ሲለው፣ ይህች ሴት መደበቅ ትወዳለች ብሎ ይደመድማል። እውነቱን ነው! የሶፊ እርጅና የጠንቋይዋ ሥራ ቢሆንም በራሷ ቃል ኃይል ይጠናከራል። አሮጊት ነኝ፣ ታላቅ ስለሆንኩ አይሳካልኝም እያለች ስትናገር ቃሏ እንደ ባርኔጣዎቹ በእሷም ላይ ይሠራል። ሃውል በአራት በር ይሸሻል፤ ሶፊ በአንድ ሽብሽብ ፊት። ሁለት ተደባቂዎች በአንድ ጠባብ ክፍል ሲኖሩ መጣላታቸው የት ይቀራል? ሲጣሉ ደግሞ እውነት እየተነጋገሩ መሆኑን አያውቁትም።

ከመካከሉ በኋላ ጠንቋይዋ ስለምታሳድዳቸው ቤት መቀየር ግድ ይሆናል። ሃውል ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት ይሥላል፣ ካልሲፈርን በአካፋ አንስቶ በጥንቃቄ ያዞረዋል፣ ቤቱም ወደ ሌላ ሕንፃ ይገባል። የገባበት ሕንፃ የሶፊ የድሮ ባርኔጣ ሱቅ ነው! ሕይወቴ ያበቃው እዚህ ነው ብላ ወጥታ የሄደችበት ክፍል በአስማት ተመልሶ ቤቷ ይሆናል። የሱቁ ግድግዳ ያው ነው፤ የተለወጠችው እሷ ናት። ውሉ ምን እንደነበርና እንዴት እንደተፈታ አልነግራችሁም፤ በየገጹ የተበተኑት ፍንጮች በሙሉ በመጨረሻ ሲገጣጠሙ የሚሰማችሁን ደስታ መንጠቅ አልፈልግም።

ደራሲዋ ስለ ቤት ለምን እንዲህ ጠልቃ አወቀች? ዳያና ዊን ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1934 ለንደን ተወለደች፤ ያደገችው ግን ኤሴክስ ውስጥ ታክስቴድ በምትባል ከተማ ነው። ወላጆቿ እዚያ የወጣቶች ትምህርትና ጉባኤ ማዕከል ይመሩ ነበር። ሦስቱ ሴት ልጆቻቸው ከዋናው ቤት ተለይተው ግቢው ውስጥ ባለ ቀዝቃዛ ክፍል ይኖሩ ነበር። አባትየው እጁ የማይፈታ ሰው ስለነበር የአርተር ራንሰምን የልጆች መጻሕፍት በሙሉ ገዝቶ ቆልፎ፣ ለሦስቱም በጋራ በዓመት አንድ ብቻ ይሰጣቸው ነበር። የሚነበብ ሲጠፋ ዳያና ለእህቶቿ ራሷ መጻፍ ጀመረች። እሷም የሦስት እህትማማቾች ታላቅ ነበረች፤ የሶፊን ቦታ ከውስጥ ታውቀዋለች። በኋላ ኦክስፎርድ ገብታ ሲ ኤስ ሉዊስና ቶልኪን ሲያስተምሩ አድምጣለች። የግንቡ ሐሳብ የመጣላት ግን አንድ ትምህርት ቤት ስትጎበኝ አንድ ልጅ ስለሚንቀሳቀስ ግንብ ጻፊልን ስላላት ነው። ስሙን ጽፋ በጥንቃቄ አስቀመጠችው፤ ከጥንቃቄዋ ብዛት ወረቀቱን መልሳ ማግኘት ስላልቻለች በመጽሐፉ መግቢያ ስም ሳትጠራ አመሰገነችው። ያረፈችው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ተከታይ መጽሐፍ ስለ አንድ ወጣት የምንጣፍ ነጋዴ ነው። ሦስተኛው፣ በ2008 የታተመው «ብዙ መንገድ ያለው ቤት»፣ ወደ ቤት ጉዳይ ይመልሰናል። ቻርሜይን የምትባለው ልጅ ከማንበብ በቀር ምንም ሠርታ አታውቅም፤ እናቷ የቤት ሥራ ለጨዋ ልጅ አይገባም ብላ አሳድጋታለች። የታመመ አስማተኛ ዘመድ ቤት እንድትጠብቅ ስትላክ አንድ በር ታገኛለች፤ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ በዞሩ ቁጥር ሌላ ቦታ የሚያደርስ በር። የሚከተላት ተለማማጅ ደግሞ ግራና ቀኙን የማይለይ ልጅ ነው፤ ለመለየት ጣቶቹ ላይ ባለቀለም ክር ያስራል! የሳህንና የልብስ ክምሩ ግን እንደዚያው ይጠብቃቸዋል። ሶፊ ጽዳት ታበዛለች፣ ቻርሜይን ጭራሽ አታውቀውም፤ ሁለቱንም ጠባያቸውን የሚያሳያቸው ቤት ነው። ሃውልም በእንግድነት ይመጣል፣ አሁንም ተደብቆ፤ በዚህ ጊዜ ኮልታፋ ሕፃን ሆኖ።

ብዙዎቻችሁ ጃፓናዊው ሃያዎ ሚያዛኪ እ.ኤ.አ. በ2004 የሠራውን የአኒሜሽን ፊልም ታውቁ ይሆናል። እዚያ ግንቡ እግር አውጥቶ የሚራመድ የብረት ፍጥረት ነው፤ ጦርነትም የታሪኩ መሐል ይሆናል። ፊልሙ ያምራል፣ እወደዋለሁ። ዌልስ ግን የለችበትም፤ ሶፊ በቃሏ ነገርን ሕያው የምታደርግበት ኃይልም በመጽሐፉ እንደምናየው አይደለም። ስለዚህ ፊልሙን ያየ ሰው መጽሐፉን አውቀዋለሁ እንዳይል።

እንግሊዝኛ የሚያነብ ልጅ ያላችሁ አብራችሁ አንብቡት፤ ድምፅ አውጥታችሁ፣ የካልሲፈርን ምሬትና የሶፊን ቁጣ እየተወናችሁ። በየምዕራፉ መጨረሻ አንድ ነገር ጠይቁት፤ እዚህ ላይ የሚደበቀው ማን ነው? ከማንስ? ልጆች ይህን ከአዋቂ ቀድመው ያገኙታል፤ ሲይዙትም ይስቃሉ። ጆንስ ስለ ድፍረት አትሰብክም፤ መደበቅ እንዴት እንደሚያስቅ ብቻ ታሳያለች። አንድ ጊዜ ከልቡ የሳቀበትን መደበቂያ ደግሞ ማንም ሰው እንደ በፊቱ ሊያምነው አይችልም።