ዐይንን ስለ ማስተማር፤ በሰሌዳ መስተዋት ላይ ሥዕል ለሚማሩ

ሥዕል ማለት በዐይን የታየውን ወይም በልብ የታሰበውን ነገር በመስመርና በቀለም ለሌላ ሰው መግለጥ ነው። ቀድሞ ሠዓልያን በግድግዳ፥ በብራናና በሸራ ላይ ይሥሉ ነበር፤ ዛሬም ይሥላሉ። በእኛ ዘመን ግን ሌላ መሣያ ደግሞ ተገኝቷል፤ ይኸውም ኮምፒውተር ነው። ሠዓሊው እንደ ሰሌዳ በተዘረጋ መስተዋት ላይ በብዕር ይሥላል፤ ቀለም አይበጠብጥም፥ ብሩሽም አያጥብም። ይህን ዐይነት ሥዕል ሰዎች ዲጂታል ሥዕል ይሉታል።

ብዙ ልጆች ይህን መሣሪያ ባዩ ጊዜ ሥዕሉን የሚሥለው መሣሪያው ይመስላቸዋል። ስለዚህ መሣሪያው የሌለው ልጅ «እኔማ በምን እማራለሁ?» ብሎ ያዝናል። መሣሪያ ያለው ደግሞ በጥቂት ቀን ሠዓሊ የሚሆን መስሎት ይጀምርና ሥዕሉ እንዳሰበው ባልሆነለት ጊዜ «ይህ ጸጋ ለእኔ አልተሰጠኝም» ብሎ ይተወዋል። ሁለቱም ነገሩን አላወቁትም። በኦሪት ዘጸአት ስለ ጠቢቡ ስለ ባስልኤል በተነገረው ታሪክ፥ ጥበብን ብቻ ሳይሆን ያን ጥበብ ለሌሎች የማስተማርን ልብ ደግሞ እንደ ተቀበለ እናነባለን። እንግዲህ የእጅ ጥበብ ከሰው ወደ ሰው በትምህርት የሚተላለፍ ነገር ነው። በሥዕል ትምህርት ቶሎ የማይሰለጥነው እጅ አይደለም፤ ዐይን ነው። እጅ በጥቂት ወር መስመር መሳብን ይለምዳል፤ ዐይን ግን በፊቱ ያለውን ነገር እንዳለ ለማየት ብዙ ዘመን ይፈልጋል።

ይህ ነገር እንዲገባን በአገራችን በግሽ ዓባይ የሆነውን ታሪክ እንመልከት። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1770 ዓመት በኖቬምበር ወር ጄምስ ብሩስ የሚባል የእስኮትላንድ ሰው ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰከላ መጣና የግልገል ዓባይን ምንጭ በግሽ አየ። ከእርሱ አስቀድሞ ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል የእስጳንያ ካህን በ1618 ዓመት አይቶት ነበር። የአገሩ ሰውማ ከሁለቱም በፊት ያውቀው ነበር። ከብሩስ ጋር በ1737 ዓመት በኢጣልያ አገር በቦሎኛ ከተማ የተወለደ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል ሠዓሊ ነበረ። ሥራውም በጕዞ ላይ የሚገኙትን ዕፀዋት እያየ መሣል ነበር። ጤፍ፥ ኮሶ፥ ዋንዛ፥ ቍልቋልና እንሰት ብሩስ በ1790 ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ሥዕላቸው ይገኛል። የባሉጋኒም የእጁ ሥራ ዛሬ በአሜሪካ አገር በየል ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ቤት ተጠብቆ ይኖራል።

ባሉጋኒ ባደገበት አገር ጤፍ የሚባል እህል አልነበረም። ስለዚህ ጤፍን ከልቡ አውጥቶ ሊሥለው አይችልም፤ አገዳውን፥ ቅጠሉንና ዛላውን እየተመለከተ መሣል ግድ ሆነበት። እኛ ግን ጤፍን ከሕፃንነታችን ጀምረን እናውቀዋለን፤ ስለምናውቀውም አንመለከተውም። በቡሬ ወይም በፍኖተ ሰላም ዙሪያ የሚኖር የገበሬ ልጅ «ጤፍ ሣል» ቢባል አንድ ቀጥ ያለ አገዳ ያቆምና በጫፉ ነጥብ ነጥብ ያደርግበታል። ይህ በልቡ ያለው ጤፍ ነው እንጂ በማሳው ያለው አይደለም። እስቲ ያ ልጅ ወደ ማሳው ሄዶ አንድ ዛላ በእጁ ይያዝ። ከዋናው ዘንግ ቅርንጫፎቹ እንዴት እንደሚወጡ፥ እንደ ፀጕር የቀጠኑት ጫፎች በዘሩ ክብደት ወዴት እንደሚያጐነብሱ ይመልከት። የአንዱ ጤፍ ዛላ ተበትኖ የሌላው ጤፍ ዛላ ተሰብስቦ እንደሚበቅልም ያያል። ከዚህ በኋላ የሚሥለው ሥዕል ያማረ ባይሆን እንኳ እውነተኛ ይሆናል።

ባሕር ዛፍም እንዲሁ ነው። ከእያንዳንዱ ቤት ጓሮ የማይታጣ ዛፍ ስለ ሆነ ሁሉም አውቀዋለሁ ይላል። ነገር ግን የነጭ ባሕር ዛፍ ለጋው ቅጠል ሰፊ፥ አመድማ ሰማያዊ ሆኖ ጥንድ ጥንዱን ከግንዱ ላይ ተጣብቆ ይበቅላል፤ ዛፉ ካደገ በኋላ የሚያወጣው ቅጠል ግን እንደ ማጭድ የታጠፈ፥ ረዥምና አረንጓዴ ነው። አንዱ ዛፍ ሁለት ዐይነት ቅጠል ይዞ ሲቆም በሥሩ ስንት ጊዜ አልፈናል! ኮሶም ወንዴውና ሴቴው በየዛፉ የተለየ ነው፤ የሴቴው አበባ ቅላት አለው። ከቡሬ ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለውን እንጅባራን ሰዎች ኮሶበር ይሉታል፤ በዚያ የሚያልፍ መንገደኛ ሁሉ ግን የኮሶን አበባ አይቷል ማለት አይደለም።

ከቅርጽ ይልቅ ዐይንን የሚያታልለው ቀለም ነው። ተማሪ ሁሉ «ተራራ አረንጓዴ ነው» ብሎ ይጀምራል። ክረምቱ ካለፈ በኋላ አየሩ ጠርቶ ሳለ በሰከላ ከፍታ ላይ ቁም። ከእግርህ በታች ያለው ኮረብታ አረንጓዴ ነው፤ ከእርሱ ጀርባ ያለው ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ የመጨረሻው ከሰማዩ የሚለየው በጥቂት ነው። ይህ የሚሆንበት ምክንያት በአንተና በተራራው መካከል ያለው አየር የፀሐይን ብርሃን ስለሚበትን ነው፤ ሰማያዊውን ብርሃን ከቀዩ ይልቅ አብዝቶ ይበትናልና። ሰማይም በቀን ሰማያዊ ሆኖ የሚታየው ስለዚሁ ነው። ተራሮችን ሁሉ በአንድ አረንጓዴ የቀባ ልጅ ሥዕሉ ርቀት የሌለው፥ አንዱ በሌላው ላይ የተለጠፈ ይሆንበታል። ለዚህ መድኀኒቱ ቀላል ነው፤ በወረቀት መካከል የጣት ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አድርግና በእርሷ በኩል ሩቁን ተራራ ተመልከት። ስሙ ተራራ መሆኑ ይረሳህና ቀለሙ ብቻ ይቀርልሃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። በአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ያለው የአገራችን ሥዕል ጻድቃንን ፊት ለፊት በሁለት ዐይን፥ ክፉዎችን ግን በጎን በአንድ ዐይን ያሳያል። ይህ ማየት ካለመቻል የመጣ አይደለም፤ ሠዓሊው የሰውየውን ሥራ ሊነግረን ፈልጎ ነው እንጂ። ያም ሥርዓት የራሱ ትምህርት አለው፤ ተማሪውም የመምህሩን ሥራ እየቀዳ ይማረዋል። ቢሆንም የፈረስን እግር ወይም የልብስን እጥፋት ልብ ብሎ ያየ ሠዓሊ በዚያም ሥርዓት ውስጥ ሳይታወቅ አይቀርም።

አሁን ወደ መሣሪያው እንመለስ። በኮምፒውተር ሰሌዳ ላይ መሣል የተጀመረው ቅርብ ጊዜ ነው። በ1963 ዓመት አይቫን ሰዘርላንድ የሚባል አሜሪካዊ በብርሃን ብዕር መስመር የሚሣልበትን አሠራር ገለጠ፤ በ1973 ዓመትም ሪቻርድ ሹፕ የሚባለው በካሊፎርንያ በቀለም የሚቀባበትን ሠራ። ዛሬ ክሪታ እንደሚባለው ያለ ዋጋ የሚሰጥም የሥዕል ፕሮግራም አለ። በመልካሙ ሰሌዳ ላይ ብዕሩ የእጅን ጭነት እስከ 8192 ደረጃ ለይቶ ያውቃል፤ ቢጫኑት መስመሩ ይወፍራል፥ ቢያቀሉት ይቀጥናል። ሥዕሉም እንደ ተደራረበ ቀጭን ብርጭቆ በየንብርብሩ ይሠራል፤ ሰማዩን ሳይነኩ ዛፉን ማረም ይቻላል።

በሰሌዳው ላይ ያለው ቀለም አይደለም፥ ብርሃን ነው። ቀይ፥ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን እያንዳንዱ 256 ደረጃ ስላለው ሦስቱ ሲደባለቁ 16,777,216 ዐይነት ቀለም ይወጣል። የተበጠበጠ ቀለም የለመደ ሰው እዚህ ይደነግጣል፤ በመስከረም ሜዳውን የሚሸፍነው የአደይ አበባ ብጫነት በሰሌዳው ላይ ከቀይና ከአረንጓዴ ብርሃን የሚሠራ ነውና። ይህ ሁሉ ቀለም ከፊቱ በተዘረጋለት ጊዜ ጀማሪ መምረጥ ይሳነዋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ወር በጥቁር፥ በነጭና በግራጫ ብቻ ይሣል። ዐይኑንም ጨፈን አድርጎ ቢመለከት ጥቃቅኑ ነገር ይጠፋና ብርሃኑና ጥላው ለየብቻ ይታዩታል።

በኮምፒውተር መሣል ከሁሉ የሚያስደስተው የተሳሳተውን በአንድ ንክኪ ማጥፋት መቻሉ ነው፤ ከሁሉ የሚጐዳውም ይኸው ነው። ተማሪው መስመሩ ለምን እንዳልተስተካከለ ሳይመረምር ያጠፋዋል፤ ከዚያም ያንኑ መስመር ይሥላል፤ ሁለተኛም ያጠፋዋል፤ እንዲህ ሲያደርግ ይመሻል። ከማጥፋቱ በፊት ግን ጕድለቱን በቃል ይናገረው፤ «ረዝሟል»፥ «ወደ ግራ አዘንብሏል»፥ «ጥላው ከብርሃኑ በኩል ገብቷል» ይበል። እርግጠኛ ባልሆነ ጊዜ ክንዱን ዘርግቶ በእንጨት ይለካ። ሥዕሉንም ግራውን ወደ ቀኝ ገልብጦ ይመልከተው። የቀድሞ ሠዓልያን ይህን በመስታወት ያደርጉት ነበር፤ የተጣመመው ነገር ያን ጊዜ ራሱን ያጋልጣልና።

ስለ መለማመድ የጐጃም ሰው ከሌላ አገር ምሳሌ መፈለግ አያስፈልገውም። በዋሸራ ቅኔ የሚማር ተማሪ በመጀመሪያው ቀን መወድስ አይዘርፍም፤ ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ይጀምራል። በየዕለቱ አስቦ ያመጣውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል፤ በማግሥቱም ሌላ ያመጣል። ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ የሚደርሰው እንዲህ እያለ ነው። ሥዕልም እንዲሁ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይፈልጋል። አንድ ቀን ማሰሮ፥ አንድ ቀን የበሬ ቀንድ፥ አንድ ቀን የእናትህ እጅ ቡና ስትወቅጥ። ሥዕሎቹን ቀናቸውን ጽፈህ አስቀምጣቸው፤ ከስድስት ወር በኋላም የፊተኛውን ከኋለኛው ጋር አስተያይ። እንግሊዛዊው ዴቪድ ሆክኒ በሥዕል ስሙ ከታወቀ ብዙ ዘመን አልፎት ሳለ በ2020 ዓመት በ82 ዓመት ዕድሜው በፈረንሳይ በኖርማንዲ ተቀምጦ፥ በቤቱ ዙሪያ ያሉት ዛፎች ሲያቈጠቍጡና ሲያብቡ በሰሌዳ መስተዋት ላይ ሲሥላቸው ከረመ። 116 የሚሆኑት ሥዕሎች በ2021 ዓመት በሎንዶን ለሕዝብ ታዩ። ያ ሽማግሌ የዛፍ አሣሣል ጠፍቶት አልነበረም፤ ዛፉ በየቀኑ ስለሚለወጥ ነበር እንጂ።

የባሉጋኒን ታሪክ ገና አልጨረስንም። ሰውየው ከጕዞው በኋላ በጎንደር ሞተ፤ ወደ አገሩም አልተመለሰም። ብሩስ ግን በመጽሐፉ ውስጥ ባሉጋኒ ወደ ግሽ ከመሄዳቸው በፊት እንደ ሞተ አድርጎ ጻፈ፤ የዕፀዋቱንም ሥዕል እንደ ራሱ ሥራ አቀረበ። ነገር ግን ባሉጋኒ ወደ ምንጩ ሲሄዱ በእጁ የጻፈው የመንገድ ማስታወሻ ስለ ተገኘ እውነቱ ታወቀ፤ ሥዕሎቹም በ1991 ዓመት በስሙ በመጽሐፍ ታተሙለት። ሞቶ ሁለት መቶ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። ከመምህር ወይም ከመልካም ሠዓሊ መቅዳት መማሪያ ነው፥ ነውርም የለበትም፤ በተቀዳው ሥዕል ግርጌ የቀዳኸውን ሰው ስም መጻፍ ግን ዕዳ ነው። ከ2022 ዓመት ወዲህ ደግሞ ቃል ሲጻፍላቸው ሥዕል የሚያወጡ ኮምፒውተሮች ለሕዝብ ተከፍተዋል። «የጤፍ ማሳ ሣልልኝ» ብሎ ያዘዘ ልጅ በአንድ ደቂቃ ያማረ ሥዕል ያገኛል። በዚያች ደቂቃ ግን ስለ ጤፍ ዛላ አንዳች አልተማረም፤ ሥዕሉ ሐሰት እንኳ ቢሆን መለየት አይችልም።

በገጠር ያለ ልጅ ሰሌዳ መስተዋቱን መግዣ የለውም፤ መብራትም በየቤቱ አልገባም። ዘመድ ያዋሰው ስልክ ቢያገኝ በጣቱ መሣል ይችላል፤ የስልክ መስተዋት ግን የጣትን ጭነት አይለይም፥ ጣትም የሚነካውን ቦታ ስለሚሸፍን ለጥቃቅን ነገር አይመችም። በዚህ መሣሪያ የብርሃንና የጥላን ስፍራ መለየት፥ ቀለምንም ከቀለም ማስተያየት ይለማመድበት። መስመርን ግን በእርሳስና በደብተር ጀርባ፥ እርሳስም ባይኖር በምድጃ ከሰል ይማር፤ ባሉጋኒም በሰከላ መንገድ ላይ ሰሌዳ መስተዋት አልነበረውም። ወደ ፊት መግፋት ለሚሻ ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አለ፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በስማቸው ይጠራል። እስከዚያ ድረስ ግን ጤፉ በኅዳር ሲደርስ ከመታጨዱ በፊት አንድ ዛላ መርጦ፥ ጧት፥ በቀትርና ወደ ማታ ሦስት ጊዜ ቢሥለው ጥላው ሦስት ጊዜ ተለውጦ ያገኘዋል።